ያልተለካልኝ ዱላ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከእኔ ሌላ ጎልፍ የሚጫወት ሰው አላውቅም። ይህን የምለው ልኮራበት አይደለም። አጠገቤ አንድ ሌላ ተጫዋች ቢኖር ኖሮ ገና በመጀመሪያው ሰሞን አየት አድርጎኝ «ይሄ ዱላ እኮ ላንቺ አይሆንም» ይለኝ ነበር። የሚለኝ ስላልነበረ ዓመታት በከንቱ በራሴ ላይ ስናደድ ኖርኩ። አሁን ስጽፈው እንኳ ደሜ ይፈላል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ጨዋታውን የለመድኩት አዲስ አበባ ነው። በየክረምቱ እየሄድኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር የማርፈው እኅቴ ቤት ነበር፤ የእኅቴ ባል ደግሞ የጎልፍ ክበብ አባል ነው። አንድ ቅዳሜ ይዞኝ ሄደ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። አንድ ሽማግሌ ያችን ትንሽ ነጭ ኳስ ሲመታት፣ ኳሷ ከዛፎቹ በላይ ወጥታ ሩቅ ሄዳ ስታርፍ አየሁና ልቤ እዚያው ቀረ። በሳምንቱ እኔም ዱላ ይዤ ቆምኩ።

ለማያውቀው ሰው ልንገር። ጎልፍ ውስጥ ሁለት ሥራ አለ። አንዱ ኳሷን በኃይል መትቶ ከሩቅ ማቅረብ ነው። ሌላው፣ ኳሷ ቀዳዳው ያለበት የተላጨ ሣር ላይ ከደረሰች በኋላ፣ መሬት ለመሬት እያንከባለሉ ቀዳዳው ውስጥ መክተት ነው። ለዚህ ለሁለተኛው የሚያገለግለው ዱላ ፑተር ይባላል። ሩቅ መምታቱ ቶሎ ገባኝ። ጉልበትም ነበረኝ፤ ከገጠር የወጣሁ ሴት ነኝ። ፑተር ስይዝ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ኳሷ በቀዳዳው በግራ በኩል ታልፋለች። እንደገና እመታለሁ፤ አሁንም በግራ። ልጅ ቆሞ በእግሩ ሊያስገባት ከሚችልበት ቅርበት እንኳ በግራ።

የሚያስተምረን ሰው ስድሳን የተሻገረ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚለው አሠልጣኝ ነበር። ፑተሩን የሰጠኝም እሱ ነው። «ለአንቺ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው፣ ጥሩ ዕቃ ነው» ብሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ፤ እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ኳሷ በግራ ማለፍ ስትጀምር ከኋላዬ ቆሞ አየኝና ራሱን ነቀነቀ።

«እጅሽ ምንም አልሆነም» አለኝ። «ችግሩ እዚህ ነው» ብሎ ደረቱን ነካ። «ቀዳዳው ሲቀርብሽ ትደነግጫለሽ። ሴቶች ስትባሉ ሁሉም ነገር ይሳካላችኋል፤ መጨረሻው ላይ ልባችሁ ይከዳችኋል።»

«ምን ባደርግ ይሻላል ጋሼ?»

«ልብሽን ማረጋጋት ነው።»

ልቤን ላረጋጋ ሞከርኩ። ትንፋሼን ይዤ መታሁ፤ ትንፋሼን ለቅቄ መታሁ። ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ከትምህርት ቤት በኋላ ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ላይ ኩባያ አጋድሜ መታሁ። ኳሷ በግራ በኩል የሶፋውን እግር እየመታች ትመለሳለች። እበሳጭና ዱላውን እወረውራለሁ፤ ከዚያ አንስቼ እጠርገዋለሁ። ክፍል ውስጥ ልጆቹን ስጮህባቸው ራሴን እየታዘብኩ «ይሄ የኳሷ ንዴት ነው» እላለሁ። አንዳንድ ቀን እውነትም ልብ የሌለኝ ሰው ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ፈተና ፈርቼ የማላውቀውን፣ ወንድ በሞላበት ክፍል ብቻዬን ሴት ሆኜ የተመረቅሁትን እኔን አንዲት ኳስ ፈሪ አሰኘችኝ።

ኋላ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ እኔም ወደ አዲስ አበባ እንደ ልቤ መመላለስ አልቻልኩም። ሆኖም በጥር መጨረሻ፣ በሴሚስተር ዕረፍቴ፣ ክበቡ የሚያዘጋጀው የጀማሪዎች ውድድር ላይ ስሜን አስመዝግቤ ነበር። ምንጣፍ ላይ መለማመድ አልበቃኝ አለ። ኳስ የምትንከባለልበት ሰፊ፣ ለስላሳና ደልዳላ መሬት ከየት ይገኛል ብዬ ሳወጣ ሳወርድ የአባቴ አውድማ ትዝ አለኝ።

አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ገበሬ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ይኖራል፤ ከተማ ግባ ቢባል እሺ አላለም። በዚያ አካባቢ የእሱን ያህል አውድማ የሚያሳምር ሰው የለም። ድንጋዩን ለቅሞ፣ መሬቱን ደልድሎ፣ ውኃ አጠጥቶ ይረግጠዋል፤ ከዚያ በእበት ደጋግሞ ይለቀልቀዋል። ሲደርቅ እንደ ጠረጴዛ ነው። የጤፍ ፍሬ ወድቆ አይጠፋበትም።

ኅዳር ሲያልቅ አንድ እሑድ ሄድኩ። አባቴ ቅዳሴ ነበር። አውድማው ተለቅልቆ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። በእጄ ዳሰስኩት፤ የደረቀ መሰለኝ። ጫማዬን አወለቅሁና የቆርቆሮ ክዳን መሐል ላይ አስቀምጬ፣ ቀዳዳው እሱ ነው ብዬ መምታት ጀመርኩ። በግራ። በግራ። ስናደድ ደግሞ ዱላውን መሬቱ ላይ ጫን አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ ቦታ እቀይራለሁ፤ እንደገና በግራ።

አባቴ ነጠላውን እንዳጣፋ መጣና አውድማው ጫፍ ላይ ቆመ።

«አንቺ! ምን ጉድ አመጣሽብኝ?»

«ደርቋል ብዬ ነው አባየ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«ላዩ ነው እንጂ ውስጡ መች ደረቀ! ነይ እይው እስኪ! ዶሮ የጫረው አስመሰልሽው እኮ! ጤፉ እዚህ እዚህ ሲሰነቀር አንቺ ትለቅሚልኛለሽ?»

ክንዴን ይዞ ጎንበስ አደረገኝ። እያንዳንዱን ጠባሳ በመቋሚያው ጫፍ እየነካ አሳየኝ። «ይኸው! ይኸው! ይኸው ደግሞ!»

ተቆጥቶኝ ሳለ እኔ ሌላ ነገር አየሁ። የፑተሩ ጭንቅላት አራት ጣት የሚያህል ርዝመት ያለው ብረት ነው። መሬት ላይ በትክክል ቢቀመጥ ኖሮ ሙሉ ርዝመቱ ይታተም ነበር። እበቱ ላይ የታተመው ግን ወደ እኔ በኩል ያለው ጥጉ ብቻ ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል። ሁሉም ቦታ እንዲሁ። የብረቱ ሌላው ጫፍ አንድም ቦታ መሬት አልነካም።

ዱላውን አንስቼ እንደገና ቆምኩ፤ ጎንበስ ብዬ እግሬ ሥር አየሁ። ውጪያዊው ጫፍ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ብረት እንዲያ ሲንጋደድ ፊቱ ወደ ግራ ይዞራል፤ ፊቱ ወደ ዞረበት ኳሷም ትሄዳለች። ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች በጠመኔ ሥዬ የማስረዳው ነገር ነው። ለምን ተንጋደደ? ዱላው ለእኔ ቁመት ስለሚረዝም። አጭር ሴት ነኝ። እጀታው ሆዴን እንዳይወጋኝ ከኳሷ ራቅ ብዬ እቆማለሁ፤ ራቅ ስል ዱላው ይጋደማል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

«ዱላው ነው አባየ» አልኩ። «እኔ አይደለሁም። ዱላው ነው!»

«ዱላው ብቻውን ሄዶ ነው እንዴ አውድማዬን የፈለቀቀው?» አለና እበት ሊያመጣ ሄደ።

ከሰዓቱን ያበላሸሁትን ሁሉ በእጄ ለቀለቅሁ። አባቴ ወደ ቤት ገብቶ ጋደም ብሏል። እኔ እበት እያሸሁ ብቻዬን እናገር ነበር። «ልባችሁ ይከዳችኋል።» «ትደነግጫለሽ።» ያንን ሁሉ ቅዳሜ ከኋላዬ ቆሞ ሲያየኝ የተንጠለጠለውን ብረት አላየውም? ዕድሜውን ሙሉ ዱላ ሲያይ የኖረ ሰው? ካላየው ምን ያስተምራል? ካየው ደግሞ... ካየው የሚለውን ያን ቀን ልጨርሰው አልደፈርኩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቡሬ ሄድኩ። ቀጭን ብረት በጥንቃቄ የሚቆርጥ አንድ ብረት ቤት አውቅ ነበር። ባለሙያው ፑተሩን አገላብጦ አየና የመጋረጃ ዘንግ መሆኑን ጠየቀኝ። የጨዋታ ዕቃ ነው፣ ከላይ በኩል ይቆረጥልኝ አልኩት። ፈገግ አለ።

«ባለቤትሽ ያውቃል?»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ» አልኩት።

ሳቁ ቆመ። እጆቼን ዘና አድርጌ ወደ ታች ለቅቄ፣ ብረቱ መሬቱ ላይ ሙሉ በሙሉ እስኪተኛ ድረስ ወደ ኳሷ ተጠጋሁ፤ እጄ ያረፈበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረግሁበት። የላስቲክ እጀታውን አወጣ፣ ቆረጠ፣ ጫፉን ሞረደ፣ እጀታውን መለሰ። ስሞክረው ጭንቅላቱ ቀልሎ እጄ ላይ ይዋልላል። አጠገቡ ካለው ጎሚስታ የመኪና ጎማ ሚዛን የሚያስተካክሉበትን እርሳስ ለምኜ ከብረቱ ጀርባ ለጠፍኩበት። አላማረም። ግን ከበድ አለ፣ ረጋ አለ።

የብረት ቤቱ ወለል ሲሚንቶ ነው። ኳሷን አስቀምጬ አንድ ብሎን ላይ አነጣጠርኩና መታሁ። በቀጥታ ሄዳ ብሎኑን ገጨችው። ደገምኩ። ባለሙያው «እሰይ!» አለ። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንባዬ መጣና ሒሳቡን ሰጥቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ገባ ብዬ አልዋሽም። እስታለሁ። ነገር ግን አንዳንዴ በቀኝ፣ አንዳንዴ በግራ፣ አንዳንዴም አጥሮብኝ ነው። ያ ስሕተት የእኔ ነው፤ ሊታረም ይችላል። ጤፉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ አባቴ «አሁን እንደፈለግሽ ፈልቅቂው» ብሎ አውድማውን ለቀቀልኝ። እስከ ውድድሩ ድረስ ጊዜ ሳገኝ እየሄድኩ መታሁ። አንዳንድ ቀን አውድማው ዳር ካለ ግንድ ላይ ተቀምጦ ያየኝና «ይቺ ነገር መቼ ነው የምታልቀው?» ይለኛል።

ለውድድሩ ስሄድ ፑተሩን በነጠላ ጠቅልዬ ከመቀመጫዬ ሥር አስገባሁት። ደምበጫን እንዳለፍን ፍተሻ ላይ አስወረዱን። ፈታሹ ነጠላውን ፈትቶ ብረቱን አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የጨዋታ ዱላ ነው።»

«የምን ጨዋታ? አሳዪኝ።»

አስፋልቱ ላይ፣ የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ እያየ፣ ኳስ አስቀምጬ አንከባለልኩ። «ለዚህ ነው አዲስ አበባ ድረስ የምትሄጂው?» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አብሬ እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ዱላዬን ከእጁ ተቀብዬ ጠቀለልኩና ገባሁ።

ሜዳው ስደርስ አሠልጣኙ መለማመጃው ሣር ላይ ነበር። ጉንጬን ስሞ ስለ አገር ሰላም ጠየቀኝ። ከዚያ ዓይኑ ዱላው ላይ ወደቀ፤ ተቀበለኝና ከጎኑ አቆመው።

«ማነው ያበላሸው?»

«እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት ጋሼ። ይረዝመኝ ነበር። ጫፉ መሬት አይነካም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ።

እንዲህ ነው ያለው፤ ስለ አየር ጠባይ እንደሚናገር ሰው። ጆሮዬን አላመንኩትም።

«ምኑን ነው የሚያውቁት?»

«እንደሚረዝምሽ ነዋ። የወንድ ዱላ ነው። ለሴት የሚሆን አጭር በዚያን ጊዜ አልነበረንም። ትለምጂዋለሽ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ልብሽ ነው ሲሉኝ የኖሩት?»

«እና ምን ልልሽ ነበር? ዱላ የለንም ብዬ ላባርርሽ?»

«እውነቱን ጋሼ! ይረዝምሻል፣ አስቆርጪው ማለት ያቅታል?»

«ድምፅሽን ቀንሺ» አለኝ። «ትልቅ ሰው ነው የምታናግሪው።»

ድምፄን ልቀንስ ነበር፤ አስተዳደጌ እንደዚያ ነው። ግን ከእሱ ትከሻ ባሻገር አንዲት ልጅ አየሁ። ባንክ ቤት የምትሠራ አዲስ ተማሪ መሆኗን በኋላ ነገረችኝ። ከእኔም ታጥራለች። እጆቿን ወደፊት ዘርግታ፣ ከኳሷ ርቃ፣ የወንድ ፑተር ይዛ ትመታለች። ኳሷ በግራ አለፈች። ልጅቷ ግንባሯን በእጇ መታች። ያን ሁኔታ አውቀዋለሁ፤ ሳሎኔ ውስጥ ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ።

ትቼው ወደ እሷ ሄድኩ።

«ምን ይሉሻል ሲስትብሽ?» አልኳት።

አፈረች። «እደነግጣለሁ መሰለኝ» አለች።

«አትደነግጪም። ጎንበስ በይና የብረቱን ጫፍ እይው። አየር ላይ ነው። ዱላው አልተለካልሽም።» የእኔን ሰጠኋት። ተጠግታ ቆመችና መታች። ገባች። ሁለተኛም ገባች። ዞር ብላ አሠልጣኙን አየችው።

«እኔ የሰጠሁትን ዱላ ነው የምታጣጥይው?» አለ አሠልጣኙ ከሩቅ።

«ዱላውን አይደለም፤ ቃልዎን ነው» አልኩት። «የዕቃውን ጉድለት በሴት ልብ ላይ ያላክካሉ። እሷን ተዉአት።»

በዕድሜዬ ትልቅ ሰው ፊት እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም።

ውድድሩን በዚያ ንዴት ገባሁበት። ሜዳው ላይ በየተራ ከሚጫወቱባቸው ቀዳዳዎች የመጀመሪያዎቹ ላይ ኳሷን እየጠለዝኩ ከቀዳዳው አሻግሬ ሰደድኳት። አብራኝ የምትጫወተው ሴት «ቀስ በይ እንጂ፣ ምን አደረገችሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ኳሷ ምንም አላደረገችኝም። ከዚያ በኋላ ንዴቴ አልበረደም፤ እጄን ግን ለቀቀው። ቅርብ የሆኑትን አንድ በአንድ አስገባሁ። ውጤቱ ሲነገር መሐል ላይ ነኝ፤ ሽልማት የለም፣ ስም መጥራት የለም። የመጨረሻዋን ኳስ ግን ሰው በተሰበሰበበት ቀዳዳ ላይ፣ ቀጥ አድርጌ መትቻት፣ መሐሉን ይዛ ስትገባ የሰማሁትን ድምፅ ማንም አይወስድብኝም። አሠልጣኙ አላያትም። ሄዶ ነበር።

ማታ የእኅቴ ባል አኩርፎ ጠበቀኝ። ክበቡ ውስጥ ባለጌ ተብያለሁ። «ነገ ይዤሽ እሄዳለሁ፤ ጉልበቱን ስመሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ» አለ። እኅቴም «ምናለበት፣ ትልቅ ሰው እኮ ነው» አለች። አልሄድም አልኩ። በማግስቱ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ፍኖተ ሰላም ተሳፈርኩ።

ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። አባቴ ታላቅ ማክበርን ያስተማረኝ ሰው ነው፤ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ሰውየው ዕድሜው ስንት ይሆናል?»

«ከእርስዎ ጥቂት ቢያንስ ነው።»

«እያወቀ ነው የደበቀሽ?»

«እያወቀ ነው አባየ።»

«እኔ ብሆን ከሰው ፊት አልናገረውም ነበር» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ጉልበቱንም አልስምም ነበር» አለ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አሠልጣኙ ራሱ ስልክ ደወለ። ስሙን ስክሪኑ ላይ ሳየው ልቤ ደንገጥ አለ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ጅል ነኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ቂም ይዘሽ ልትጾሚ ነው?» አለ። «ደውለሽ ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር።»

«ጋሼ፣ ከሰው ፊት ስለጮህኩብዎት ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ይሄን ያልኩት ከልቤ ነው። «አሁን ደግሞ እርስዎ ስለ ዱላው ይንገሩኝ።»

«ስለ የትኛው ዱላ?»

«ስለሰጡኝ ዱላ። ልብሽ ነው ስላሉኝ።»

«ተመልሰሽ እሱ ላይ ነሽ!» አለና ስልኩን ዘጋው። ያን ምሽት እራት አልበላሁም። ቂም ይዤ ጾም ገባሁ፤ ለንስሐ አባቴም እንደዚሁ ነገርኳቸው።

በፋሲካ ሰሞን የባንክ ቤቷ ልጅ ደወለችልኝ። ስልክ ቁጥሬን ከእኅቴ ባል ወስዳ ነው። የስፖርት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ቆማ ነበር፤ ሻጩ ሮዝ እጀታ ያለው ፑተር አውጥቶ «የሴት ነው» ብሏታል። ልግዛው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«ቀለሙን ተዪው» አልኳት። «ጫማሽን እንዳደረግሽ ይዘሽው ቁሚ። እጅሽ እንዲሁ ይውረድ። ብረቱ ወለሉ ላይ ተኝቷል?»

ስልኩን አስቀምጣ ስትንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ሻጩ «እህት፣ ሁሉም እኩል ነው» ሲላት ሰማሁ። ተመልሳ መጣች።

«ጫፉ ትንሽ ተነሥቷል» አለች።

«እንግዲያው ይቁረጥልሽ። እዚያው፣ አንቺ ቆመሽ እያየሽ። ካልቆረጠ አትግዢ።»

«ካልተስማማስ?»

«ውጪና ሌላ ሱቅ ግቢ።»

ስልኩን አልዘጋችውም። ከሻጩ ጋር ስትከራከር ሰማኋት፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ ጠንከር ብላ። ሰውየው ሌላ ሰው ጠራ፣ ሜትር ይምጣ ተባለ። ትንሽ ቆይቶ የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ።